የነባር ቤት ሒሳብ፤ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎችን በአረንጓዴ ደረጃ ስለ ማደስ

ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ሁለት ሒሳብ አለበት። አንደኛው ቤቱ እስኪቆም ድረስ ለድንጋይ፣ ለእንጨት፣ ለሲሚንቶና ለሠራተኛ የሚከፍለው ነው፤ ይህን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በመዝገብም ይጽፈዋል። ሁለተኛው ግን ቤቱ ከቆመ በኋላ በየቀኑና በየዓመቱ የሚከፈለው ነው። የመብራቱና የውሃው ዋጋ፣ የጣሪያው ማፍሰስ፣ የግድግዳው መርጠብ፣ በውስጡ የሚውሉት ሰዎች ጤና፣ ከቤቱ የሚወጣውም ጢስና እድፍ በጎረቤትና በአገር ላይ የሚያመጣው ጉዳት ሁሉ በዚህ በሁለተኛው ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ይህን ግን ብዙ ሰው አይጽፈውም፤ ስላልተጻፈም የሌለ ይመስለዋል።

ዛሬ በየአገሩ «አረንጓዴ ሕንፃ» እየተባለ የሚነገረው ነገር፣ ስሙ አዲስ ቢሆንም፣ በመሠረቱ ይህን ሁለተኛውን ሒሳብ በመዝገብ ከማስገባት የተለየ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የአረንጓዴ ሕንፃ ደረጃ አመጣጡ እንዴት እንደ ሆነ፣ በነባር የዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች ላይ እንዴት እንደ ተሠራበት፣ ለአገራችንም ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ምን ምክር እንደሚሰጥ ለማስረዳት እንሞክራለን። የውጭ አገርን ታሪክ ስናነሣ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአገራችንን ስናነሣ ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር መጻፋችንን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እናሳስባለን።

የደረጃው አመጣጥ

የቀድሞ ሰው ቤት ሲሠራ ሁለተኛውን ሒሳብ ሳይወድ በግድ ያስብ ነበር። የኤሌክትሪክ መብራት ስላልነበረው መስኮቱን ብርሃን ወደሚመጣበት ያዞራል፤ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሣሪያ ስላልነበረው ግድግዳውን ያወፍራል፤ ጣሪያውን ከፍ ያደርጋል፤ በረንዳ ያወጣል፤ ዛፍ ይተክላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የነዳጅ ዘይት እጅግ ስለ ረከሰ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቤት ሠሪዎች ፀሐይንና ነፋስን መመልከት ተዉ። ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ ቤት ሠርተው፣ የሚገባውን ብርድ በማሞቂያ፣ የሚገባውንም ሐሩር በማቀዝቀዣ ይከላከሉ ጀመር። የተማሪ ቁጥር በፍጥነት የጨመረበት፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ ሕንፃ በጥድፊያ የሠሩበት ዘመን ይኸው ዘመን ነው።

በ1973 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት በተነሣ ጊዜ የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ምርታቸውን ስለ ቀነሱ፣ ለአንዳንድ አገሮችም መሸጥን ስለ ከለከሉ፣ የዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ሆነ። የሕንፃ አስተዳዳሪዎች የወሰዱት የመጀመሪያ እርምጃ ቤቱን ማፈን ነበር። መስኮቶች ተደፈኑ፤ ከውጭ የሚገባው ንጹሕ አየር ተቀነሰ፤ የማሞቂያውም ወጪ በእርግጥ ወረደ። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚሠሩና የሚማሩ ሰዎች ራስ ምታት፣ የዓይን መቆጥቆጥ፣ የጉሮሮ መድረቅና ድካም በዛብን ይሉ ጀመር። ሐኪሞችም ይህን ሁኔታ የታመመ ሕንፃ ሕመም ብለው ሰየሙት። ከአንዱ መዝገብ የተቆጠበው ገንዘብ ከሌላው መዝገብ፣ ይኸውም ከሰው ጤና፣ ተወስዶ ኖሯል።

እንግዲህ አንዱን ብቻ መቁጠር እንደማያዋጣ ከታወቀ ዘንድ፣ የቤትን ነገር ሁሉ ባንድነት የሚመዝን ሚዛን አስፈለገ። በ1987 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተቋቋመውና የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የመሩት ኮሚሽን፣ የዛሬው ትውልድ ኑሮውን ሲያለማ የሚመጣውን ትውልድ ድርሻ መብላት እንደማይገባው የሚያስረዳ ዘገባ አወጣ። ከ3 ዓመት በኋላ በ1990 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የሕንፃ ምርምር ድርጅት «ብሪያም» የተባለውን የመጀመሪያውን የአረንጓዴ ሕንፃ መመዘኛ ሥራ ላይ አዋለ። በአሜሪካም በ1993 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት ተቋቁሞ፣ «ሊድ» የተባለውን መመዘኛ በ1998 እ.ኤ.አ. ለሙከራ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሕዝብ አቀረበ። ቆይቶም የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ለታዳጊ አገሮች እንዲስማማ አድርጎ «ኤጅ» የተባለውን መመዘኛ አወጣ። ይህ የመጨረሻው፣ አንድ ቤት በአካባቢው ከተለመደው ቤት ይልቅ በኃይል፣ በውሃና በሕንፃ ዕቃዎቹ ረገድ፣ በያንዳንዱ ቢያንስ 20 በመቶ እንዲቆጥብ ይጠይቃል።

እነዚህ መመዘኛዎች በዝርዝራቸው ቢለያዩም አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። ቤቱ የሚፈጀው ኃይልና ውሃ ይለካል፤ የተሠራበት ዕቃ ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተሠራ ይጠየቃል፤ በውስጡ ያለው አየርና ብርሃን ይመረመራል፤ ቦታው ለእግረኛ የሚመች መሆኑ ይታያል። ለያንዳንዱ ነጥብ ይሰጥና ድምሩ የቤቱን ደረጃ ይወስናል። የሊድ ደረጃዎች ከመሠረታዊው ምስክር ወረቀት ተነሥተው ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም ይባላሉ።

የዩኒቨርሲቲዎች ነገር

በዚህ ጉዳይ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላው ባለ ቤት ሁሉ የበለጠ ኃላፊነት አለባቸው። ነጋዴ ሕንፃ ሠርቶ ቢሸጠው ሁለተኛው ሒሳብ ለገዢው ይተላለፋል። ዩኒቨርሲቲ ግን ቤቱን አይሸጥም፤ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ በራሱ እጅ ይዞ ይኖራል፤ ስለዚህ ዛሬ ያላሰበውን ዕዳ ነገ ራሱ ይከፍለዋል። ሁለተኛም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ቤቱም ያስተምራል። ስለ ደንና ስለ ውሃ ጥበቃ ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል ቧንቧው ቀንና ሌሊት የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ ተማሪው ከመምህሩ ይልቅ ከቧንቧው ይማራል።

ይህን በማሰብ በጥቅምት ወር 1990 እ.ኤ.አ. ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ከ20 በላይ የዩኒቨርሲቲ መሪዎች፣ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዣን ማየር በጠሩት ጉባኤ ላይ፣ ታሉዋር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተገኝተው ባለ 10 አንቀጽ መግለጫ አወጡ። ከአንቀጾቹ አንዱ ዩኒቨርሲቲዎች በገዛ ግቢያቸው ውስጥ ሀብትን በመቆጠብና ብክነትን በመቀነስ ምሳሌ እንዲሆኑ የሚያሳስብ ነው። ቃሉ በወረቀት ላይ ቀላል ነበር፤ ከባዱ ነገር ቀድሞ የቆመውን ቤት ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ሆነ።

የአን አርበር ቤት

ለዚህ ጥያቄ ቀደም ብለው መልስ ከሰጡት አንዱ በአሜሪካ በአን አርበር ከተማ የሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ በ1903 እ.ኤ.አ. ለሕክምና ትምህርት ተብሎ የተሠራ ትልቅ የጡብ ቤት ነበር። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ የተፈጥሮ ሀብት ትምህርት ክፍል ገባበትና፣ በክፍሉ የመጀመሪያ ዲን በሳሙኤል ትራስክ ዳና ስም ተጠራ። በዘመናት ብዛት ክፍሎቹ ጠበቡ፤ መሣሪያዎቹም አረጁ።

በዚህ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ቤቱን አፍርሶ በምትኩ አዲስ መሥራት ይችል ነበር። ነገር ግን ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ የሚያስተምር ክፍል መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበን ጠንካራ ቤት አፍርሶ ቢጥል፣ ትምህርቱ ከሥራው ጋር አይስማማም። ስለዚህ ከ1998 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ በሁለት ዙር እድሳት ተደረገለት። መምህራን፣ ተማሪዎችና ሠራተኞችም በዕቅዱ ገብተው ተመካከሩበት።

ሥራው እንዲህ ነበር። ቤቱ በመካከሉ ክፍት አደባባይ ስለ ነበረው፣ ያን ባዶ ቦታ በመሙላትና ከጣሪያው ሥር ፎቅ በመጨመር፣ የቤቱ መሠረት አንድ ክንድ እንኳ ወደ ውጭ ሳይሰፋ አዲስ ክፍሎች ተገኙ። ከጣሪያው የወረደው ያረጀ ጥድ እንጨት ወደ ቆሻሻ አልተጣለም፤ ተሰንጥቆና ተልጎ በዚያው ቤት ውስጥ ለእንጨት ሥራ ዋለ። ቤቱን ለማቀዝቀዝም በእድሳቱ በኮርኒሱ ላይ በተዘረጉ ቀጭን ቧንቧዎች ቀዝቃዛ ውሃ እንዲዘዋወር ተደረገ። ውሃ ከአየር ይልቅ ብርድን በትንሽ ኃይል ስለሚሸከም፣ በዚህ መንገድ ብዙ ኤሌክትሪክ ይቆጠባል። በጣሪያው ላይ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሰሌዳዎች ተተከሉ፤ ዓይነ ምድርን ወደ ማዳበሪያ የሚለውጡ መጸዳጃዎችም ተሠሩ። ቤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. የሊድን የወርቅ ደረጃ አገኘ።

ከዚህ ታሪክ ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ጎብኚ ሲመጣ የሚታየው የፀሐይ ሰሌዳው ነው። ትልቁ ቁጠባ ግን የማይታየው ነው፤ ይኸውም ጡቡ፣ መሠረቱና ግድግዳው ባሉበት መቅረታቸው ነው። ሲሚንቶ ለመሥራት ድንጋዩ በታላቅ እሳት ይጋገራል፤ ድንጋዩም ራሱ ሲቃጠል የካርቦን ጋዝ ያወጣል። በዓለም ላይ በሰው ሥራ ከሚወጣው የካርቦን ጋዝ ከ100 እጅ 7 ወይም 8 ያህሉ ከሲሚንቶ ብቻ እንደሚመጣ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ጡብም፣ ብረትም፣ መስታወትም በእሳት የተወለዱ ናቸው። እንግዲህ የቆመ ቤት ማለት ቀድሞ የተከፈለ እሳት ማለት ነው። ሲፈርስ ያ ሁሉ ዋጋ ይጠፋል፤ አዲሱ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይከፈላል። የአሜሪካ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ብሔራዊ ማኅበር ባወጣው ጥናት፣ ኃይል ቆጣቢ ሆኖ በአዲስ የተሠራ ቤት ሲሠራ ያደረሰውን የአየር ጉዳት በቁጠባው ለመካስ፣ እንደ ቤቱ ዓይነት፣ ከ10 እስከ 80 ዓመት እንደሚፈጅበት አስታውቋል።

የዴልፍት ቃጠሎ

በአን አርበር ያሰቡበትን ነገር በኔዘርላንድ አገር አደጋ አመጣው። በዴልፍት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ሥራ ትምህርት ክፍል፣ በ1970 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀ ባለ ብዙ ፎቅ ዘመናዊ ቤት ውስጥ ይገኝ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. በጧት ከውሃ መፍሰስ የተነሣ በአንድ የቡና ማፍያ መሣሪያ ላይ ኤሌክትሪኩ ተገናኘና እሳት ተነሣ። የሰው ሕይወት ባይጠፋም ቤቱ ተቃጠለ፤ ከፊሉም ፈረሰ። መምህራኑና ተማሪዎቹ ለጊዜው በግቢው ውስጥ በተተከሉ ድንኳኖች ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ዩኒቨርሲቲው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ተብሎ የተጀመረ፣ ኋላም ዋና ጽሕፈት ቤቱ የነበረ ያረጀ የጡብ ሕንፃ ነበረው። ለሌላ ግልጋሎት ሊተላለፍ ታስቦ የነበረውን ይህን ቤት በጥቂት ወራት ውስጥ አሰናድተው ገቡበት። ክፍት አደባባዮቹን በመስታወት ጣሪያ ሸፍነው የስብሰባና የሥራ አዳራሽ አደረጓቸው። በዚያው ጊዜ ለአዲስ ሕንፃ ከመላው ዓለም ሐሳብ ተጠይቆ ብዙ ንድፍ መጥቶ ነበር፤ ክፍሉ ግን በአሮጌው ቤት ቀረ። ሥራው በ2011 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የቅርስ ጥበቃ ሽልማት ተሰጠው። አዲስ ቤት መንደፍ ሙያቸው የሆነ ሰዎች፣ ለራሳቸው ሲሆን አሮጌውን ማደስ መረጡ። ነባር ቤት ስለ መጠቀም ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚገኝ አይመስለንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የፈረንጅን ሚዛን እንዳለ ገልብጦ መውሰድ እንደማይበቃ አስቀድመን መናገር ይገባናል። በሚሺጋን ትልቁ ዕዳ የክረምት ማሞቂያ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ ግን ማሞቂያም ማቀዝቀዣም እምብዛም የማያስፈልጋት ከተማ ናት። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ100 እጅ ከ90 የሚበልጠው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ነው፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቋል። ስለዚህ በእኛ መዝገብ ላይ ጎልተው የሚታዩት ሌሎች ናቸው፤ ውሃ፣ ጣሪያና አሸንዳ፣ የቀን ብርሃን፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ፣ በቆላው አገር ደግሞ ሐሩር።

የቤትን ሁለተኛ ሒሳብ አለማሰብ ከተማን እስከ ማስለቀቅ ሊያደርስ እንደሚችል የአዲስ አበባ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ከተማይቱ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቆርጦ አለቀ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ደን ወደሚገኝበት ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ከተማይቱን ያቆያት በዚያ ዘመን ከውጭ የገባው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍ ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ነገር ግን ማገሩ፣ ምሰሶውና ማገዶው የሚመጡበትን ሳያስቡ ቤት ማብዛት ምን እንደሚያስከትል ያን ጊዜ በግልጽ ታይቷል።

ነባር ቤትን ለትምህርት ማዋልም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ይህ ቤት ብዙ ነገር አይቷል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት በዚህ ግቢ ነው። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በተሞከረ ጊዜ፣ ታላላቅ ሹማምንት ታስረው የተገደሉት አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍሉ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡ፤ በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ሥራ የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና ሌሎቹም ኮሌጆች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለው፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተመረቀ። በቤተ መንግሥቱም ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከቤተ መዘክሩ ጋር ገባበት፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልም ለተመልካች ተጠብቆ ቆየ።

ይህ ሲሆን ስለ ካርቦን የሚያወራ ሰው አልነበረም። ሆኖም በዛሬው ሚዛን ብንመዝነው፣ አንድ ታላቅ ቤት ሳይፈርስ ከመኖሪያነት ወደ ትምህርት ቤትነት መዛወሩ ከፍተኛ ነጥብ የሚያሰጥ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው የሲሚንቶ ደረጃ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ቆጥረው ያቆሙት ነው። ከነጻነት በኋላ ማፍረስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበትና ትርጉሙ ተገለበጠ። በአንዲት ትንሽ ምስል የጠላት መታሰቢያ የነጻነት መታሰቢያ ሆነ። ጥበብ ያለው እድሳት ማለት ይህ ነው፤ በትንሽ ዕቃ ብዙ ነገርን መለወጥ።

ከዚህ ወዲህ ያለው ታሪክ የመስፋፋት ታሪክ ነው። በ1992 ዓ.ም. አካባቢ ሌሎች እስኪጨመሩ ድረስ በዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠሩት የአገራችን ተቋሞች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ብዙ የገጠር ልጅ በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ አግኝቷል። ነገር ግን ሥራው የተሠራው በጥድፊያ ስለ ሆነ፣ ብዙዎቹ ሕንፃዎች እርስ በርሳቸው እጅግ የሚመሳሰሉ የሲሚንቶና የብሎኬት ቤቶች ናቸው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች ናት። በደብረ ብርሃን ተማሪ የሚመኘው ፀሐይ የምትገባበት መስኮት ነው፤ በሰመራ ግን ፀሐይን የሚመልስ በረንዳና ነፋስ የሚያሳልፍ ግድግዳ ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ንድፍ ከተሰጠ፣ አንደኛው በብርድ፣ ሁለተኛው በሐሩር ዕዳውን መክፈሉ አይቀርም። ዳቦ ሁሉ በአንድ ምጣድ ሊጋገር ይችላል፤ ቤት ግን እንደ አገሩ ካልሆነ ሰው አይኖርበትም።

የውሃውን ሒሳብ በተመለከተ ከሐረማያ የበለጠ አስተማሪ የለም። የእርሻ ኮሌጁ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በዚያ ቦታ ሲቋቋም በአጠገቡ ሰፊ ሐይቅ ነበረ። ሐይቁ ለሐረር ከተማና ለአካባቢው ሕዝብ መጠጥ፣ ለገበሬው የጫትና የአትክልት መስኖ ሆኖ ሲያገለግል ኖረ። የሚቀዳው ከሚገባው በለጠ፤ ከኮረብታው የሚታጠበው አፈርም ሞላው፤ በመጨረሻ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ውሃው መመለስ በመጀመሩ ደስ ብሎናል። ለአገር የእርሻ ሊቃውንትን ያፈራ ተቋም በደጁ ያለ ሐይቅ ሲደርቅ ማየቱ ግን፣ ዕውቀት ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሚቀዳውንና የሚገባውን በየዓመቱ እየለካ የሚጽፍና በጽሑፉም የሚሠራ እጅ እንደሚያስፈልግ ያስተምራል።

ምን ይደረግ?

አገራችን በ2004 ዓ.ም. የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት አውጥታለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እና የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ወጥተዋል። እንግዲህ የሚጎድለን የሐሳብ መግለጫ አይደለም። የሚጎድለን፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በቅርብ እንደምናውቀው፣ የመዝገብ አያያዝ ነው። አዲስ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ አለው፤ የምረቃ ቀን አለው፤ ሪባን አለው። የጥገና ሥራ ግን የምረቃ ቀን የለውም። አሸንዳ ስለ ጸዳ የሚያጨበጭብ ሰው የለም። ስለዚህ የዓመቱ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ለጥገና የተያዘው ነው። በዚህ ዓመት ያልተጠረገ አሸንዳ በሚመጣው ክረምት ግድግዳ ያረጥባል፤ የረጠበ ግድግዳ ልስኑን ይጥላል፤ ከዚያ ብረቱ ይዝጋል፤ በመጨረሻም «ይህ ቤት አርጅቷል፤ ይፍረስ» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል። ቤቱ ግን አላረጀም፤ ተረሳ እንጂ።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚበጀው እድሳት ከፀሐይ ሰሌዳ በፊት ከቆጠራ መጀመር አለበት ብለን እናምናለን። መጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ይኑረው፤ አንድ ቆጣሪ ለግቢው ሁሉ ከሆነ ማን እንዳባከነ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ለያንዳንዱ ቤት አንድ መዝገብ ይከፈትለት፤ መቼ እንደ ተሠራ፣ በምን ዕቃ እንደ ተሠራ፣ መቼ እንደ ተጠገነ፣ በየዓመቱ ምን እንደ ፈጀ ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ ብዙ ዋጋ የማይጠይቀው ይቅደም፤ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ይጠገን፤ የጣሪያው ውሃ ወደ ማጠራቀሚያ ይግባ፤ የተደፈነው መስኮት ይከፈት፤ በምዕራብ በኩል ፀሐይ የሚያቃጥለው ግድግዳ ጥላ ይደረግለት። አራተኛ፣ ትልቁ ሥራ፣ ይኸውም ጣሪያ መለወጥና ክፍል ማስፋት፣ ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ይታቀድ።

በዚህ ሥራ ተማሪዎች ተመልካቾች ብቻ መሆን አይገባቸውም። በ1947 ዓ.ም. ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ፣ ከማስተማሩ ጋር የአገሩን የቤት መሥሪያ ዕቃ የመመርመር ተግባርም ተሰጥቶት ነበር። ይህ መልካም ልማድ ነው። የምሕንድስና ተማሪ የገዛ ማደሪያውን ሙቀትና ብርሃን ቢለካ፣ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የግቢውን የውሃ መዝገብ ቢመረምር፣ የታሪክ ተማሪም የቤቱን የሕይወት ታሪክ ቢጽፍ፣ ትምህርቱ ከኑሮ ጋር ይጋጠማል። ድንጋይ ጠራቢው፣ አናጢውና ልስን ለሳኙም ያላቸውን ሙያ ለወጣቱ የሚያስተላልፉበት ሥራ ያገኛሉ፤ እድሳት ሙያተኛ ካላገኘ ንድፉ በወረቀት ይቀራልና።

ይህን ስንል ነባር ቤት ሁሉ እንደ ቅርስ ይቀመጥ ማለታችን አይደለም። መሠረቱ የተናወጠ፣ ለጤና የሚጎዳ ዕቃ ያለበት፣ ሊጠገን የማይችል ቤት ይኖራል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፣ የሕንፃን ጥንካሬ መመርመር ችላ የማይባል መሆኑን አስታውሶናል። መመዘኛው ለዚህም ይጠቅማል፤ የሚፈርሰውና የሚታደሰው ቤት በግምት ወይም በፋሽን ሳይሆን በተጻፈ ማስረጃ ይለያልና።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዴልፍቶች ቤታቸው ከተቃጠለ በኋላ የነባሩን ቤት ዋጋ አወቁ። እኛ ቃጠሎን መጠበቅ አያስፈልገንም። ከ40 በላይ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ያሉት ሕንፃዎች አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ትልቅ ጥገናቸው የሚደርሰው በዚህ በእኛ የሥራ ዘመን ነው። ያን ጊዜ መዝገብ የተያዘለት ቤት በጥቂት ወጪ ታድሶ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ መዝገብ ያልተያዘለት ግን ሁለት ጊዜ የተከፈለበት ሆኖ ይቀራል። የአረንጓዴ ሕንፃ ደረጃ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በግድግዳ ላይ ቢሰቀል መልካም ጌጥ ነው፤ ከወረቀቱ የሚበልጠው ግን በየወሩ መጨረሻ ቆጣሪውን አይቶ ቁጥሩን በመዝገብ የሚያሰፍረው ታማኝ ሠራተኛ ነው።